ጊዮርጊስ አካባቢ ያሉት እንጨት ጠራቢና ከዋንዛ የወጣው ዊራዌይ

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ባህር ዳር ላይ ጥሩ እንጨት ጠራቢ የት አለ እያላችሁ የምትጠይቁ ሰዎች ብዙ ጊዜ አያለሁ፣ እኔ ደሞ ክረምት ላይ አንድ ከበድ ያለ ሥራ አሠርቼ ስለነበር ከነጥሩውም ከነጉድለቱም ልጻፍላችሁ ብዬ ነው። ይረዝማል። ረከቦት ወይ ሙዳይ ቢሆን በሁለት መስመር እጨርሰው ነበር፣ ይሄ ግን እንደሱ አይደለም።

ቤቱ ከጊዮርጊስ ቤተክርስቲያን ወደ ሐይቁ ስትወርዱ ትንንሽ የደንገል ታንኳ እየሠሩ ለእንግዳ የሚሸጡት ልጆች ካሉበት ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ታፔላ የለውም፣ የቆርቆሮ ክፍል ናት፣ ደጇ ላይ ሁሌ የዋንዛ ግንድ ተጋድሞ ታያላችሁ፣ እሱን ካያችሁ ደርሳችኋል። ባለቤቱን ጋሼ እያልኩ ነው የምጽፈው ስማቸውን ለማውጣት ስላላስፈቀድኳቸው።

ያሠራሁት የእንጨት አውሮፕላን ሞዴል ነው። ዊራዌይ ይባላል፣ የአውስትራሊያ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን። ለማን ካላችሁ ለአጎቴ ለሰባኛ ዓመት ልደቱ። አጎቴ ድሮ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ውስጥ ቴክኒሺያን ነበር፣ አሁን ሜልቦርን ፉትስክሬይ የሚባለው ሰፈር ነው የሚኖረው፣ አበሻ የሞላበት ሰፈር ነው። ከቤቱ ወጥቶ ዌስት ጌት ድልድይን ሲሻገር ከወንዙ ማዶ ፊሸርማንስ ቤንድ የሚባል ቦታ አለ፣ ዊራዌይ የተሠራው እዛ ነው፣ እና አጎቴ ይሄን ካወቀ ጀምሮ በደወለ ቁጥር ስለሱ ሳያነሳ አይዘጋም፣ "የሰፈሬ አውሮፕላን" ነው የሚለው። ስለዚ ልደቱ ሲደርስ ነጠላ ወይ በርበሬ ከመላክ ይሄን ላሠራለት ብዬ ወሰንኩ።

ጋሼ ጋ ሄጄ ፎቶውን በስልኬ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ሰዓት አዩት፣ ዋጋ ሊነግሩኝ ነው ብዬ ስጠብቅ "እታለም፣ ይሄ ምን የሠራ ነው?" አሉኝ። አውሮፕላን ነው እኮ ጋሼ ስላቸው "እሱንማ አየሁት፣ እኔ ታንኳ ስሠራ የዘጌን እንጨት የሚጭነው ነው ወይስ ሰው የሚያሻግረው ብዬ ለይቼ ነው የማጎብጠው፣ ይሄስ ምን አድርጎ ያውቃል?" አሉ። ምን ልበላችሁ፣ እስከዛሬ ስንት ነገር ባህር ዳርም አዲስ አበባም አሠርቻለሁ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ባለሙያ የለም፣ ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀው ቀብዱን ነው። በርጩማ አቀረቡልኝ፣ ውጪ ዝናቡ ይወርዳል፣ እኔም ከአጎቴ የሰማሁትንና ራሴ ያነበብኩትን ነገርኳቸው። ለናንተም ልንገራችሁ ካለሱ ሥራው አይገባችሁም (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)።

አውስትራሊያኖች በ1936 ላይ ጦርነት እየመጣ እንደሆነ ታይቷቸው የራሳቸውን የአውሮፕላን ኩባንያ አቋቋሙ፣ ኮመንዌልዝ ኤርክራፍት ኮርፖሬሽን ይባላል፣ ፋብሪካውን ፊሸርማንስ ቤንድ ላይ ተከሉ። ያን ጊዜ የነሱ አየር ኃይል አውሮፕላኑን የሚያገኘው በአብዛኛው ከእንግሊዝ ነበር፣ እነዚህ ግን ባለሙያ ልከው አሜሪካንም አውሮፓንም አስጎብኝተው ሲያበቁ የመረጡት የአሜሪካኖቹን ኤንኤ-16 የሚባለውን ነው፣ ፈቃዱን ገዝተው የራሳቸውን ለውጥ ጨምረው መሥራት ጀመሩ። ዋናው ምክንያት ለጀማሪ ፋብሪካ የሚቻል አውሮፕላን መሆኑ ነው፣ ከቀላሉ ተነስቶ እጅን ማፍታታት። የመጀመሪያው ማርች 27 ቀን 1939 በረረ፣ ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ወር ሲቀረው ማለት ነው። እስከ 1946 ድረስ 755 ዊራዌይ ሠሩ። ስሙ ከአገሬው ተወላጆች ቋንቋ የተወሰደ ነው፣ ለውጊያ መጋበዝ፣ በኛ ቋንቋ "ና ግጠመኝ" እንደማለት።

ስሙ እንደዛ ይሁን እንጂ አውሮፕላኑ በዋናነት ማስተማሪያ ነው። ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ ይቀመጥበታል፣ ሞተሩ 600 የፈረስ ጉልበት ነው፣ ቢፈጥን ቢፈጥን በሰዓት 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዜሮ የሚባለው የጃፓን ተዋጊ አውሮፕላን ከ500 በላይ ይሄዳል። እንግዲህ ጃፓን ዲሴምበር 1941 ላይ ወደ ጦርነቱ ስትገባ አውስትራሊያኖቹ ጋ በቂ ተዋጊ አውሮፕላን አልነበረም፣ ያላቸውን ይዘው ነው የወጡት፣ ያላቸው ደሞ ዊራዌይ ነው።

ጃንዋሪ 20 ቀን 1942 ራባውል ላይ የሆነውን ስነግራቸው ጋሼ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። ራባውል ከአውስትራሊያ በላይ ካለችው ከፓፑዋ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለች ወደብ ናት። ከመቶ በላይ የጃፓን አውሮፕላን መጣ፣ እነዚህ ስምንት ዊራዌይ ይዘው ተነሱ። አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላም፣ ሦስቱ ተመተው ወደቁ፣ ሁለቱ ሲያርፉ ተከሰከሱ፣ አንዱ ተጎዳ፣ ስድስት ሰው ሞተ አምስት ቆሰለ። አዛዡ ጆን ሌሩ ይባላል፣ በቀሩት ጥቂት አውሮፕላኖች ውጊያውን እንዲቀጥል ሲታዘዝ ለአለቆቹ የላከው መልእክት በላቲን ነበር፣ የጥንቶቹ የሮማ ተፋላሚዎች ለንጉሣቸው ይሉት የነበረው ነው የሚባለው፣ ልንሞት የተዘጋጀነው ሰላም እንልሃለን የሚል። እኔ ይሄን ባነሳሁት ቁጥር ሆዴ ይባባል፣ ልጆቹ እኮ የያዙት ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር፣ አውቀው ነው የተነሱት።

ከዛ ሁለተኛውን ነገርኳቸው። በዛው ዓመት ዲሴምበር 26፣ እኛ ንጉሡ አዲስ አበባ ከተመለሱ ዓመት ከሰባት ወር ሲሆነን፣ ፓፑዋ ላይ ጎና የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ፣ ጃፓኖችና የኅብረቱ ጦር የሚዋጉበት። የ4ኛው ስኳድሮን ዊራዌዮች እዛ ሥራቸው ከእግረኛው ጋር ነበር፣ ጠላት የት እንዳለ አይቶ መንገር፣ ለመድፈኛ ማሳየት። ጃክ አርቸር የሚባለው አብራሪ ከኋላው አንድ ተመልካች ይዞ ሲዞር ከሱ በታች 300 ሜትር ገደማ ላይ አንድ የጃፓን ተዋጊ አየ። ዜሮ ነው ብሎ አሰበ። መሸሽ ነበር የሚገባው፣ ግን ከላይ ነው ያለው፣ አፍንጫውን ዘቅዝቆ ወረደና በሁለቱ የፊት መትረየስ ተኮሰበት፣ ጃፓኑ ባሕር ውስጥ ገባ። ኋላ ስብርባሪው ሲታይ ዜሮ ሳይሆን ናካጂማ ኪ-43 ሆኖ ተገኘ፣ እሱም ቢሆን ተዋጊ ነው፣ ለዊራዌይ በምንም አይመጣጠንም። በአየር ላይ ውጊያ የጠላት አውሮፕላን የጣለ ዊራዌይ ይሄ ብቻ ነው። አሜሪካኖቹ ለአርቸር ሲልቨር ስታር የሚባለውን የጀግንነት ሜዳሊያ ሸለሙት።

ጋሼ ሁሉንም ሰምተው ዝም አሉ፣ ከዛ "በማስተማሪያው?" አሉ። አዎ አልኳቸው። "እንግዲያው እሱኑ ራሱን ነው የምሠራልሽ፣ ስም አለው?" ቁጥር ነው ያለው፣ ኤ20-103 ይባላል አልኳቸው። እርሳሳቸውን አንስተው እደጁ የተጋደመው ግንድ ላይ 103 ብለው ጻፉ። ዋጋውን የተነጋገርነው ከዛ በኋላ ነው፣ 6,500 ብር፣ 3,000 ቀብድ በቴሌብር፣ ቀሪው ሲያልቅ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። መጠኑ አንድ ለሠላሳ ነው፣ እውነተኛው ክንፍ ከጫፍ ጫፍ 13 ሜትር ከ11 ሳንቲ ስለሆነ የኛ 44 ሳንቲ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፣ ርዝመቱ 28 ሳንቲ። ገላው ዋንዛ ነው፣ ዋንዛ ለመሮ ስለሚታዘዝና ሲደርቅ ስለማይሰነጠቅ ነው አሉኝ። መጀመሪያ በመጥረቢያ ሸካራ ቅርጹን አወጡ፣ ከዛ መሮ፣ ከዛ ሞረድ፣ መጨረሻ ላይ በብርጭቆ ወረቀት እያሹ እያሹ እንደ ሕፃን ጉንጭ አደረጉት። ሆዱ ላይ እጃችሁን ስታሳልፉ ያለውን ነገር በፎቶ አይታይም፣ መሮ ያለፈበት አንድ ቦታ አይነካችሁም።

ሁለተኛ ሳምንት ላይ ስሄድ ግን አንድ ስህተት ገጠመኝ፣ ፕሮፔለሩን ባለ ሁለት ምላስ አድርገው ጠርበውታል። ጥፋቱ ከፎቶው ነው፣ ልጃቸው ከኢንተርኔት ያወጣላቸው የዊራዌይን የአሜሪካ ዘመድ ነው፣ ቴክሳን የሚባለውን፣ ከአንድ ዘር ስለወጡ ሲያዩዋቸው መንታ ይመስላሉ ግን ቴክሳን ሁለት ምላስ ነው ዊራዌይ ሦስት። ይሄን ለሌላ ሰው ብነግር "ማን ያየዋል?" ይለኝ ነበር፣ ጋሼ ግን ፕሮፔለሩን አንስተው ወደ ማገዶው ጣሉትና በማግስቱ ከወይራ አዲስ ጠረቡ፣ ወይራ ጠንካራ ነው ቀጭን ሆኖ አይሰበርም ብለው። ተጨማሪ ሳንቲም አልጠየቁኝም። ጣት ስታስነኩት ይዞራል።

ከፕሮፔለሩ ጀርባ ሞተሩ አለ፣ ዘጠኝ ሲሊንደር ክብ ሆኖ የተደረደረ። ዘጠኙንም ከሸምበቆ ቆርጠው በእያንዳንዱ ላይ ጥቁር ክር ጠምጥመውበታል፣ ክሩ የሲሊንደሩን ማቀዝቀዣ ክንፎች ሆኖ ነው የሚታየው። እኔ ቆጥሬያቸዋለሁ፣ ዘጠኝ ናቸው። ከሞተሩ በላይ አፍንጫው ላይ ሁለት ቀጭን ቦይ አለ፣ የሁለቱ መትረየሶች ቦታ ነው፣ እውነተኛው ላይ ጥይቱ በሚዞረው ፕሮፔለር መሃል አልፎ ነው የሚወጣው፣ ምላሱን እንዳይመታ ከሞተሩ ጋር ተያይዞ ጊዜው ተለክቶ ነው የሚተኮሰው። የአብራሪዎቹን መስታወት ከሃይላንድ ፕላስቲክ ነው የሠሩት፣ በጋለ ማንኪያ እያጎበጡ፣ ክፈፎቹ ደሞ የተሰነጠቀ ደንገል ናቸው።

የሻንጣው ጉዳይ ደሞ አለ። የሚወስድልኝ ሰው ሻንጣው ውስጥ እንዲገባ ክንፉ የሚነቀል ይሁን ብዬ ነበር፣ ጋሼ የት ጋ ልቁረጠው ሲሉኝ ለአጎቴ ደወልኩ፣ ለማን እንደሆነ ሳልነግረው እንዲሁ ዊራዌይ ክንፉ ይፈታል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አጎቴ በዚህ ነገር ተጠይቆ ዝም አይልም፣ "አዎና፣ መሃሉ ከሆዱ ጋር ነው፣ ጎማዎቹም እዛ ውስጥ ወደ ውስጥ ነው የሚታጠፉት፣ ከጎማዎቹ ውጪ ያለው ነው በብሎን የሚፈታው" አለኝ። ጋሼ ልክ እዛው ቦታ ላይ ቆርጠው የወይራ ችካል አበጁለት። ማለትም ሞዴሉ የሚፈታው እውነተኛው አውሮፕላን በሚፈታበት ቦታ ነው። እኔ ከሁሉም የምወድለት ይሄን ነው።

ቀለሙ ላይ ትንሽ ተነጋግረናል። ከላይ አረንጓዴና ቡኒ ነው፣ እሱ ጥሩ ወጥቷል። ክንፉ ላይ ያለውን ክብ ምልክት ግን መጀመሪያ መሃሉን ቀይ አድርገውት ነበር፣ የእንግሊዞቹን አይተው። አውስትራሊያኖቹ ግን በዛ ጦርነት ላይ ቀዩን አውጥተውታል፣ ጃፓኖች ምልክታቸው ቀይ ክብ ስለሆነ ከሩቅ ያየ ወገን በስህተት እንዳይተኩስ፣ ሰማያዊና ነጭ ብቻ ነው የቀረው። ይሄንንም ፍቀው ቀቡት፣ ጠጋ ብላችሁ ካያችሁ ግን የግራው ክንፍ ላይ ነጩ ውስጥ ትንሽ ሮዝ ነገር ይታያል። ቫርኒሹም በዝቷል፣ ያበራል፣ የጦር አውሮፕላን እንደዛ አያብረቀርቅም፣ ደብዘዝ ያለ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ከመቀባታቸው በፊት ንገሯቸው።

ትልቁ ቅሬታዬ ጊዜው ነው። በሦስት ሳምንት ተብሎ ስድስት ሳምንት ከምናምን ነው የፈጀው። እንጨቱ በክረምቱ አልደርቅ ብሎ እንደነበር አይቻለሁ፣ መብራትም ይጠፋ ነበር፣ እሱን እረዳለሁ። ግን ፍልሰታ ሲገባ ሱባዔ ሄደው ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤቱ ተዘግቶ እኔ ሦስቴ ተመላልሼ ነው ያወቅኩት፣ ስልካቸውም አይነሳም። ሱባዔው ያስከብራል እንጂ አያስወቅስም፣ አስቀድመው አንድ ቃል ቢሉኝ ግን የሚወስድልኝ ሰው የትኬት ቀን ሲደርስ እንደዛ ባልተጨነቅኩ ነበር። ጥሩነቱ ሲመለሱ ራሳቸው ደወሉ፣ ይቅርታ ጠየቁ፣ የሚገባበትን ሳጥን በነፃ ሠሩልኝ፣ ውስጡ ጭድ ሳይሆን የሚለሰልስ የብርድ ልብስ ቁራጭ ነው ያለው።

አጎቴ ሳጥኑን በቪዲዮ እያየሁት ነው የከፈተው። መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዛ ክንፎቹን ገጠመና መነጽሩን አውርዶ ሳይናገር ቆየ። ፕሮፔለሩን ቆጠረ፣ ሦስት። ሲሊንደሩን ቆጠረ። አፍንጫው ላይ ያሉትን ሁለት ቦዮች በጣቱ እየነካ "መትረየሶቹን አልረሱም፣ የኔ ልጅ፣ ማነው የሠራው?" አለኝ። ጅራቱ አካባቢ ያለውን ቁጥር ሲያነብ ደሞ "ይሄንንማ አውቀዋለሁ!" ብሎ ተነስቶ ሄደ፣ ከስምንት ዓመት በፊት ካንቤራ የአውስትራሊያ ጦርነት መታሰቢያ ሄዶ የተነሳውን ፎቶ ይዞ መጣ። እውነተኛው ኤ20-103 እኮ አለ! ጎና ላይ ያን ጃፓን የጣለው ራሱ፣ የዛን ቀን የበረረው ብረት፣ ተጠብቆ ሙዚየም ገብቷል። ፎቶው ላይ አጎቴ ከሥሩ ቆሞ ቀና ብሎ ሞተሩን ያያል፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ። ሞዴሉንና ፎቶውን ጎን ለጎን ይዞ ለካሜራው አሳየኝ።

ከ755ቱ የቀሩት በጣም ጥቂት ናቸው፣ ለዛ ነው ይሄ ነገር ለኔ ትልቅ የሆነው። ከጦርነቱ በኋላ ዊራዌይ ወደ ዋና ሥራው ተመልሶ ማስተማሪያ ሆኖ ቆየ፣ አየር ኃይሉ የተሰናበተው በ1959 ነው፣ ባሕር ኃይላቸውም ወስዶ ያሠለጥንበት ነበር። ከዛ አብዛኛው ተሰባብሮ ለቁራሌ ሄደ። የአንዳንዱ ክፍሎች ደሞ ሲረስ የሚባል የእርሻ አውሮፕላን ሆነው በገበሬ ማሳ ላይ ማዳበሪያ ሲረጩ ኖሩ፣ ራባውል ላይ ያለቁት ወንድሞቹ ቢያዩት እንዴት ደስ ባላቸው እላለሁ። ሜልቦርን ውስጥ ሙራቢን የሚባል ኤርፖርት አጠገብ ያለ ሙዚየም ከመጀመሪያዎቹ አንዱ አለው፣ ኤ20-10። እስካሁን የሚበሩም አሉ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ ቴሞራ የምትባል ትንሽ ከተማ ባለው የአቪዬሽን ሙዚየም በአየር ትርኢት ቀን የሚነሳ አለ፣ አጎቴ ለሚቀጥለው እዛ ልሂድ እያለ ነው።

ጋሼ ጋ ሁለተኛ ሥራ አዝዣለሁ፣ በዚህ ታውቃላችሁ እንዴት እንደረካሁ። አሁን ቡመራንግ ነው፣ የዊራዌይ ታናሽ። ጃፓን ስትመጣ ተዋጊ ቶሎ ይሠራ ተባለና ያው ፋብሪካ የዊራዌይን ክፍሎች የቻለውን ያህል ወስዶ በትልቅ ሞተር በጥቂት ወር ውስጥ ሠርቶ ሜይ 29 ቀን 1942 አበረረው፣ 250 ተሠርቷል። አንድም የጠላት አውሮፕላን አልጣለም፣ ግን ከእግረኛው በላይ ዝቅ ብሎ እየበረረ የጠላትን ቦታ በጭስ ቦምብ እያመለከተ ስንቱን ወታደር እንዳተረፈ ጋሼ ሲሰሙ "እሱም ታንኳ ነው በለይኛ፣ የሚያሻግር" አሉኝ። ያው ፋብሪካ ከጦርነቱ በኋላ ሴበር የሚባለውን ጄትም ሠርቷል፣ በኛም አየር ኃይል በ1960ዎቹ ሴበር ነበር፣ የኛ ከአሜሪካ የመጣ ነው እንጂ። እሱን ሦስተኛ አደርገዋለሁ።

ለመሄድ ያሰባችሁ ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ ሰጋቱራውን ስለሚያነሳው በሩን ይዘጉና የሌሉ ይመስላችኋል፣ አንኳኩ። ፎቶ ከአራት አቅጣጫ ይዛችሁ ሂዱ፣ በተለይ ከሥሩ የተነሳ ካለ፣ በስልክ ብቻ ሳይሆን አሳትማችሁ፣ ግድግዳው ላይ ለጥፈው ነው የሚሠሩት። የማለቂያ ቀን ሲነግሯችሁ ጾምና በዓል መሃል እንዳለ ቁጠሩ። የሚነቀል ክንፍ ካሠራችሁ ደሞ የግራውና የቀኙ ችካል ውፍረቱ ይለያያል፣ እንዳይቀያየር ብለው ሆን ብለው ያደረጉት ነው፣ አልገባ ካለ አትግፉት፣ ሌላኛውን ሞክሩ።